የቀሩት 76 ሰዎች የት ገቡ? ስታቲስቲሺያን ላልሆኑ የመድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞች የማስተምረው አንድ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2002 ኢንተርሚዩን የተባለ የካሊፎርኒያ መድኃኒት ኩባንያ ጋዜጣዊ መግለጫ አወጣ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነበር፦ አክቲሚዩን የተባለው መድኃኒታችን የታማሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም በሦስተኛ ደረጃ (ፌዝ 3) ጥናት፣ ማለትም ከፈቃድ በፊት በሚደረገው ትልቅ ጥናት፣ ታይቷል፤ ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ በሆነ ሰዎች ላይ ደግሞ ሞትን በ70 በመቶ ይቀንሳል።

ሰባ በመቶ ቀላል ነገር አይደለም። በሽታውም ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይፒኤፍ ይባላል። ሳንባ ውስጥ ጠባሳ እየበዛ ይሄዳል፣ ሳንባው ይደርቃል፣ ሰውየው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ልብስ መልበስ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። መንስኤው አይታወቅም። ብዙዎቹ በሽታው በተገኘባቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልፋሉ። በዚያን ጊዜ ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ለዚህ በሽታ የፈቀደው አንድም መድኃኒት አልነበረም። እንግዲህ ያንን መግለጫ ያነበበ ታማሚ፣ ወይም የታማሚ ልጅ፣ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

እኔ በመድኃኒት ኩባንያ ለሚሠሩ፣ ግን ስታቲስቲሺያን ላልሆኑ ሰዎች የክሊኒካል ትራያል፣ ማለትም መድኃኒት በሰው ላይ የሚፈተንበት ጥናት፣ ውጤት እንዴት እንደሚነበብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ የማርኬቲንግ ሰው አለ፣ የሬጉላቶሪ (የመድኃኒት ፈቃድ ጉዳይ የሚከታተል) ሰው አለ፣ ሐኪምና ፋርማሲስትም አለ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ እያሉ ስታቲስቲክስ ወስደዋል፤ ተፈትነው አልፈው ረስተውታል። ስለዚህ በቀመር አልጀምርም። በዚህ ጉዳይ ነው የምጀምረው። የመረጥኩት ደግሞ መግለጫው ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቁጥር ስለሌለ ነው። ዳታ የፈጠረ የለም። ሟች የደበቀ የለም። ሁሉም ቁጥር በትክክል የተሰላ ነው። ነገሩ ግን የወንጀል ችሎት ድረስ ሄዷል።

ከመነሻው እንያዘው። አክቲሚዩን ኢንተርፌሮን ጋማ-1ቢ ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ። የተፈቀደው ለሁለት ብርቅ በሽታዎች ብቻ ነበር። በ1999 ግን ቪየና ውስጥ የተሠራ ትንሽ ጥናት ወጣ። 18 ታማሚዎች ብቻ ነበሩበት። ዘጠኙ ኢንተርፌሮን ከስቴሮይድ ጋር ወሰዱ፣ ዘጠኙ ስቴሮይድ ብቻ። ኢንተርፌሮን የወሰዱት የሳንባ አቅማቸው ተሻሻለ። በ18 ሰው ማንም መድኃኒት አያጸድቅም፤ ግን ሌላ ምንም በሌለበት በሽታ ላይ ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ኢንተርሚዩን ተገቢውን እርምጃ ወሰደ። 330 ታማሚዎችን መዝግቦ፣ ለ162ቱ አክቲሚዩን፣ ለ168ቱ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) በዕጣ ሰጠ። ማን ምን እንደሚወስድ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

ዋናው መለኪያ አስቀድሞ ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ ዕቅድ) ላይ ተጽፏል፦ በሽታው ሳይባባስ፣ ሰውየውም ሳይሞት የሚቆይበት ጊዜ። ሞት ለብቻው ከሁለተኛ ደረጃ መለኪያዎች አንዱ ነው። ጥናቱ አልቆ ማኅተሙ ሲከፈት ዋናው መለኪያ ላይ የተገኘው ፒ ቫልዩ 0.5 ገደማ ሆነ። ፒ ቫልዩ ምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለአሁኑ ቁጥሩ ሲያንስ ልዩነቱን በአጋጣሚ ብቻ ማየት እንግዳ ይሆናል፣ የተለመደው መስመርም 0.05 ነው ማለት ይበቃል። በቃ፣ ምንም የለም ማለት ነው።

ሞትስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። ከአክቲሚዩን ቡድን ከ162 ሰዎች 16 ሞቱ። ከፕላሴቦ ቡድን ከ168 ሰዎች 28። ፒ ቫልዩው 0.08 ነው። ወደ መስመሩ ቀረብ ብሏል፤ አልተሻገረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስኮት ሃርኮነን ሐኪም ናቸው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ተጨማሪ ትንተና እንዲሠራ አዘዙ። ታማሚዎቹ በሕመማቸው ክብደት፣ ማለትም በሳንባ አቅማቸው፣ ተከፋፈሉ፤ ክፍፍሉ ፕሮቶኮሉ ላይ አልነበረም። ሕመማቸው ቀላልና መካከለኛ የሆኑት ለብቻቸው ሲወሰዱ 254 ሰዎች ሆኑ። ከነሱ ውስጥ አክቲሚዩን ከወሰዱት 126 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። ፕላሴቦ ከወሰዱት 128 ሰዎች ደግሞ 21። ፒ ቫልዩ 0.004። የ70 በመቶው ርዕስ የመጣው ከዚህ ነው።

ክፍል ውስጥ እነዚህን ቁጥሮች ነው መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው። ከመግለጫው በፊት፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት። «6 ከ126፣ 21 ከ128፣ ፒ 0.004። እናንተ ብትሆኑ ርዕሱን ምን ትሉታላችሁ?» እላለሁ። ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። «ሞትን በሁለት ሦስተኛ የሚቀንስ»፣ «አዲስ ተስፋ» የሚሉ ርዕሶች ይመጣሉ። አንዳንዱ የጻፈው ከእውነተኛው መግለጫ ጋር በቃል እስኪመሳሰል ይደርሳል። እነዚህ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የቀረበላቸው ቁጥር ሌላ ነገር እንዲሉ አያደርጋቸውም።

ቀጥሎ የጠቅላላውን ቁጥር ከጎኑ እጽፋለሁ። 16 ከ162፣ 28 ከ168። እና ዝም እላለሁ። የሚቀረው መቀነስ ብቻ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነቃው ከፋይናንስ ክፍል የመጣ ሰው ነው፣ ሐኪሙ አይደለም። ከ330 ላይ 254 ሲነሳ 76 ሰዎች ይቀራሉ። የት ገቡ? ሕመማቸው የጠናባቸው እነሱ ናቸው። ከነሱ ውስጥ አክቲሚዩን የወሰዱት 36 ናቸው፣ ከ36ቱ 10 ሞተዋል። ፕላሴቦ የወሰዱት 40 ናቸው፣ ከ40ው 7 ሞተዋል። በመቶኛ ሲታይ 28 ገደማ ለ17.5። መድኃኒቱን የወሰዱት ናቸው በብዛት የሞቱት።

ክፍሉ ይንጫጫል። ይሄኔ ብዙ ጊዜ አንዱ ይነሳና «ታዲያ መድኃኒቱ የጠናባቸውን ሰዎች ይገድላል!» ይላል። ይህ ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ ወሳኙ ደቂቃ ነው። ምክንያቱም አሁን ያደረገው ልክ ኩባንያው ያደረገውን ነው። ውጤቱን ካየ በኋላ አንድ ቁራጭ ቆርጦ አወጣና ከቁራጩ ድምዳሜ ሠራ። 76 ሰዎች፣ 17 ሞቶች። ከዚህ ተነስቶ ይገድላል ማለት አይቻልም፤ ያድናል ማለት እንደማይቻለው ሁሉ። የሚያስደስት ቁራጭም የሚያስደነግጥ ቁራጭም የሚለካው በአንድ ሚዛን ነው። ይህ ከገባቸው ግማሹ ሥራ አልቋል።

ፒ ቫልዩን የማስረዳው እዚህ ከደረስን በኋላ ነው። ቀድሜ ባስረዳው ትርጉሙን ይሸመድዱታል እንጂ አይይዙትም። «0.004 ማለት ምን ማለት ነው?» ስል የተለመደው መልስ «መድኃኒቱ የሚሠራበት ዕድል 99.6 በመቶ ነው» ነው። አይደለም። መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት የሚታየው ከሺህ አራት ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህም ራሱ የሚያገለግለው ጥያቄው አንድ ከሆነና አስቀድሞ ከተጠየቀ ነው። ስንት ቦታ እንደተፈለገ ካልተነገረኝ 0.004 የሚለው ቁጥር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ማወቅ አልችልም። እርስ በርስ ያልተያያዙ 20 ጥያቄዎችን በማይሠራ መድኃኒት ላይ ብትጠይቁ፣ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ይበልጣል።

ይህን በቃል ብቻ ብነግራቸው ማንም አይረሳውም ብዬ አላምንም። ስለዚህ በእጃቸው አሠራቸዋለሁ። ካርታ አድላለሁ። ቀይ የወጣለት «ሞተ»፣ ጥቁር የወጣለት «ተረፈ» ይባላል። ካርታው ተመልሶ ይበወዝና በሌላ ዕጣ ግማሹ «መድኃኒት»፣ ግማሹ «ፕላሴቦ» ይሆናል። መድኃኒት የሚባል ነገር በእርግጥ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ «መድኃኒቱ የሚሠራበትን ቡድን ፈልጉልኝ» እላለሁ። መነጽር ያደረጉ። ቡና ያለ ስኳር የሚጠጡ። የበኩር ልጆች። በመኪና የመጡና በባቡር የመጡ። ደቂቃዎች አይወስድባቸውም። መድኃኒቱ «መነጽር በሌላቸው ሴቶች ላይ» ተአምር ሠርቶ ይገኛል። ከዚያ የሚመጣው ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፦ ሰዎቹ ወዲያው ምክንያት መስጠት ይጀምራሉ። ቀልድ መሆኑን እያወቁ እንኳ ምክንያት ይመጣላቸዋል። በሽታና ሳንባ ላይ ሲሆንማ ምክንያት አይጠፋም። «መድኃኒቱ የሚሠራው ሳንባው ጨርሶ ሳይደርቅ ነው» ማለት ለማንም ሐኪም አሳማኝ ነው። አሳማኝ መሆኑ ግን ማስረጃ አያደርገውም።

የታወቀም ምሳሌ አለ። አይሲስ-2 የተባለው የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ጥናት በ1988 ሲታተም 17,187 ታማሚዎች ነበሩበት፤ አስፕሪን ከልብ ጥቃት በኋላ ሞትን እንደሚቀንስ ያለ ጥርጥር አሳይቷል። አዘጋጆቹ ንዑስ ቡድን ላይ መተማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማሳየት ታማሚዎቹን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው። ጀሚኒና ሊብራ በሚባሉት ኮከቦች ለተወለዱት አስፕሪን ጥቅም የሌለው፣ እንዲያውም በጥቂቱ የሚጎዳ ሆኖ ወጣ። በ17 ሺህ ሰው ላይ ኮከብ ይህን ከሠራ፣ በ254 ሰው ላይ የሳንባ አቅም ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቡት።

አሁን ወደ መግለጫው። ዋናው መለኪያ ላይ የታየው ልዩነት በስታቲስቲክስ ደረጃ ትርጉም ያለው እንዳልሆነ መግለጫው ውስጥ ተጽፏል። አልተደበቀም፤ ግን ርዕሱ ላይ የለም። ፈጽሞ ያልተጻፈው ሌላ ነው፦ የ254ቱ ቡድን የተመረጠው ውጤቱ ከታየ በኋላ መሆኑ። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። አንባቢው የትኛው ጥያቄ ቀድሞ እንደተጠየቀ ካላወቀ ፒ ቫልዩውን የሚመዝንበት ምንም ነገር የለውም። ሌላም አለ። መግለጫው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው የኤፍዲኤ ሰዎች ይህ ዳታ መድኃኒቱን ለማስፈቀድ እንደማይበቃ ለኩባንያው በስልክ ነግረውት ነበር። የጥናቱን ደኅንነት የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ስታቲስቲሺያን ቶማስ ፍሌሚንግም መግለጫውን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ በኋላ በችሎቱ ላይም መስክረዋል።

መድኃኒቱ ለአንድ ታማሚ በዓመት ወደ 50 ሺህ ዶላር ያስወጣ ነበር። ሽያጩም በአብዛኛው ላልተፈቀደለት ለዚሁ የሳንባ በሽታ ነበር። ኩባንያው በ2006 ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሃርኮነን በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በጋዜጣዊ መግለጫው ምክንያት በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ በመድኃኒቱ ላይ አሳሳች መለያ ከማድረግ ክስ ግን ነጻ ወጡ። በ2011 የተሰጣቸው ቅጣት የስድስት ወር የቤት ውስጥ እስር፣ የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜና 20 ሺህ ዶላር ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2013 ውሳኔውን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። በጃንዋሪ 2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው።

ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ መከፈልም አለበት። አንዳንድ ኤፒዲሚዮሎጂስቶች (የበሽታ ስርጭት ተመራማሪዎች) ለሃርኮነን ቆመው ነበር። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም። 0.05 የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ 0.08 ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም፤ ሳይንቲስት ዳታን ተርጉሞ ተሳሳተ ተብሎ ሊታሰር አይገባም የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ኩባንያው «በጠቅላላው ታማሚዎች ሞት ቀንሶ ታይቷል፤ ግን ዋናው መለኪያ አልተሳካም፤ ሕመማቸው ቀላል በሆኑት ላይ በኋላ ባደረግነው ምርመራ ልዩነቱ ጎልቶ ወጥቷል፤ ስለዚህ እነሱን ብቻ ይዘን ሌላ ጥናት እንጀምራለን» ቢል ኖሮ፣ እኔ ራሴ ያንን መግለጫ ለተማሪ የጥሩ ጽሑፍ ናሙና አድርጌ አሳየው ነበር። ሰውን በወንጀል መክሰስ ተገቢው መንገድ ነበር ወይ ለሚለው ክፍሉ ይከራከር። ታማሚው ግን የሚወጋው ነገር የተረጋገጠ ነው ወይስ ገና የሚፈተን ግምት ነው የሚለውን የማወቅ መብት ነበረው። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥሩው ነገር፣ ኩባንያው ያንን ሌላ ጥናት በኋላ ሠርቶታል። ኢንስፓየር ይባላል። 826 ታማሚዎች፣ ልክ በዚያ ቀላልና መካከለኛ በተባለው ቡድን ውስጥ ያሉ፣ ሞት ዋናው መለኪያ ሆኖ ፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፎ። የ70 በመቶው ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን በሚያክል ጥናት ውስጥ መደበቅ አይችልም ነበር። በማርች 2007 ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት 15 በመቶ ገደማ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። በመጀመሪያው ጥናት 4.8 በመቶ (6 ከ126) እና 16.4 በመቶ (21 ከ128) የነበረው ልዩነት ወዴት ሄደ? መጀመሪያም አልነበረም። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በአምስቱ ዓመት መካከል መርፌውን የወሰዱት ሰዎችስ? ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ድካም የሚያመጣ መርፌ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጋል። የቀራቸው ዕድሜ አጭር ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ብሮሹር ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር ሜዲካል ሪፕ (የመድኃኒት አስተዋዋቂ) ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ብሮሹሩ ላይ «በዚህ ዓይነት ታማሚዎች ላይ» የሚል ሐረግ ካየ ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ይህ ቡድን የተመረጠው መቼ ነው? ከቡድኑ ውጭ የቀሩት ምን ሆኑ? ቀመር አይፈልግም። ሐኪሙ ሳይጠይቀው ቀድሞ ለኩባንያው ይጠይቅ።

የትምህርቱን መጨረሻ ሰዓት የምሰጠው ለዚያው ኩባንያ ሌላ መድኃኒት ነው። ኢንተርሚዩን ለዚሁ በሽታ ፒርፌኒዶን የተባለ መድኃኒት ነበረው። ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሠራ። የአንደኛው ዋና መለኪያ ተሳካ፣ የሁለተኛው አልተሳካም። ኤፍዲኤ በ2010 «አልፈቅድም፣ ሌላ ጥናት አምጡ» አለ። አውሮፓ ግን ያንኑ ዳታ አይቶ በ2011 ፈቀደ። ኩባንያው 555 ታማሚዎች ያሉበት አሴንድ የተባለ ሦስተኛ ጥናት ሠራ፣ መለኪያውን ቀድሞ ጽፎ። ተሳካ። በኦክቶበር 2014 ኤፍዲኤ ፈቀደ። በ2010 እና በ2014 መካከል ግን አሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ የሞቱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ኤፍዲኤ ትክክል ነበር? አውሮፓ ትክክል ነበር? መልሱን እኔ አልሰጥም። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አንዱ ወገን የ2010ን ውሳኔ እንዲከላከል፣ ሌላው እንዲቃወም አደርጋለሁ፤ ሁለቱም ወገን የአክቲሚዩንን ሠንጠረዥ ፊቱ አስቀምጦ ነው የሚከራከረው።